ደረጃው የቆመው ለማን ነው?

የደብረ ዳሞን ታሪክ ስንሰማ ቶሎ ትዝ የሚለን ዘንዶው ነው። አቡነ አረጋዊ ዘንዶ ተሸክሟቸው አምባው አናት ላይ እንደ ወጡ ከልጅነታችን ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል እናውቃለን። የታሪኩን ቀጣይ ክፍል ግን ብዙ ሰው አያነሣውም። በትውፊቱ መሠረት አፄ ገብረ መስቀል በአምባው ላይ ቤተ ክርስቲያኑን ሲያሠሩ እንጨትና ድንጋይ የሚወጣበት፣ ሠራተኛ የሚመላለስበት መወጣጫ አሠርተው ነበር። ሥራው ሲያልቅ ንጉሡ መወጣጫው ምን ይሁን ብለው ጻድቁን ጠየቁ። ያገኙት መልስ በግእዝ አንድ ቃል ነው፦ «ዳሕምሞ»፤ አፍርሰው ማለት ነው። መወጣጫው ፈረሰ። የቦታውም ስም ከዚያ ቃል እንደ መጣ ይነገራል።

ከዚያ ወዲህ ወደ ደብረ ዳሞ የሚወጣ ሰው 15 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ቀጥ ያለ ገደል በገመድ እየተሳበ ነው የሚያልፈው።

ይህን ያነሣሁት የገዳሙን ሥርዓት ለመተቸት አይደለም። መነኮሳቱ ከዓለም ለመለየት ገደል መርጠዋል፤ ምርጫው የእነሱ ነው። ያነሣሁት ታሪኩ አንድ ቁም ነገር ስለያዘ ነው። አምባው የማይደረስበት የሆነው በተፈጥሮው ብቻ አይደለም፤ በውሳኔም ነው። ለግንባታ ሲያስፈልግ መወጣጫ ተሠራለት፤ አያስፈልግም ሲባል ፈረሰ። ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው፤ የተለወጠው የሰው ፈቃድ ነው።

የዛሬው ጽሑፍ ስለዚያ ፈቃድ ነው። በዊልቸር የሚንቀሳቀስ፣ በክራንች የሚሄድ፣ ማየት ወይም መስማት የተሳነው ኢትዮጵያዊ ላሊበላን፣ ጎንደርን፣ አክሱምን ማየት ቢፈልግ ምን እናደርግለታለን? ጥያቄው ሲነሣ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ «ቅርስ ነው፤ አይነካም»። ታሪኩ ግን ሌላ ይናገራል። ቅርሶቻችን በየዘመኑ ተነክተዋል። ለንጉሥ ምቾት፣ ለወራሪ ክብር፣ ለዝናብ መከላከያ፣ ለቱሪስት ተብሎ ተነክተዋል። «አይነካም» የሚለው ቃል ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው የአካል ጉዳተኛው ተራ ሲደርስ ነው።

▪️ ደረጃና ማዕርግ

በአማርኛ «ደረጃ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይዟል። አንዱ እግር የሚረግጠው መወጣጫ ነው። ሌላው የሰው ማዕርግ ነው፤ «ደረጃው ከፍ ያለ ሰው» እንላለን። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቃል ውስጥ የተገናኙት በአጋጣሚ አይመስለኝም። በብዙ አገር ታላላቅ ሕንፃዎች ሲሠሩ ከፍታው ራሱ መልእክት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ፋሲል ጎንደር ላይ ያስነሡት ግንብ ከታች የቆመውን ሰው አንገቱን ቀና እንዲያደርግ ያስገድደዋል። ሰገነቱ ለሚታየው ንጉሥ ነው፤ ደረጃው ወደ ንጉሡ ለሚፈቀድለት ሰው ነው።

ደረጃ የሥልጣን ቋንቋ መሆኑን የሚጠራጠር ሰው ስድስት ኪሎ ግቢ ይግባ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። የሠሩት በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ናቸው። ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱን የፋሺስት ዘመን በአንድ እርከን ቆጠሩት። ቤት ውስጥ አያስገባም፣ ሰገነት ላይ አያወጣም፤ ሥራው «እኛ ከላይ ነን» ማለት ብቻ ነበር። ከድል በኋላ ኢትዮጵያውያን ምን አደረጉ? አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አቆሙበት። በአንድ ትንሽ ጭማሪ የመላውን ሐውልት ትርጉም ገለበጡት። ቅርስ ላይ መጨመር ታሪክን ማጥፋት ነው ለሚለን ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። አንዳንዴ ጭማሪው ራሱ ታሪክ ይሆናል።

ያው ቤተ መንግሥት በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ማግሥት በንጉሠ ነገሥቱ ስጦታ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ በግቢው ውስጥ ነጭ በትር የያዙ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች በየዕለቱ ያልፋሉ። ለአንድ ቤተሰብ የተሠራ ቤት ለብዙ ሺህ ሰው የተከፈተው በአንድ ውሳኔ ነው።

ሌላም ምሳሌ አለ። አዲስ አበባ ላይ ታላቁን ግቢ ያስገነቡት ዳግማዊ ምኒልክ በሕይወታቸው የመጨረሻ ዓመታት አንጎላቸው ላይ በደረሰ ምት ሰውነታቸው ሽባ ሆኖ፣ መናገርም ተስኗቸው ነበር። በ1906 ዓ.ም. ያረፉት ከዓመታት የአልጋ ቁራኛነት በኋላ ነው። ዓድዋ ድረስ የዘመቱት ንጉሥ በገዛ ግቢያቸው ካለ ሰው ድጋፍ መንቀሳቀስ የማይችሉ ሆኑ። የአካል ጉዳት «የእነዚያ ሰዎች» ጉዳይ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው። ዕድሜ ለሰጠው ሰው ሁሉ፣ የቤቱን ባለቤት ጨምሮ፣ ደረጃው አንድ ቀን መክበዱ አይቀርም።

▪️ ደጃፍ ላይ የቀረው ሰው

እዚህ ላይ አንድ ሰው እንዲህ ሊለኝ ይችላል፦ «የእኛ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች እኮ ከጥንት ጀምሮ የሕሙማንና የአካል ጉዳተኞች መጠጊያ ናቸው»። እውነት ነው። ወደ ጸበል በቃሬዛ የማይመጣ የለም። በንግሥ ቀን ልጅ እናቱን አዝሎ ይመጣል። የደጀ ሰላሙ ዙሪያ ለዘመናት አካል ጉዳተኛው ምጽዋት የሚያገኝበት ቦታ ነበር፤ ዛሬም ነው። የመስጊድ ደጃፍም እንዲሁ።

ግን ቃሉን ልብ እንበል፤ ደጃፍ ነው ያልነው። አካል ጉዳተኛው ወደ ቅጥሩ ቀርቧል፤ ቦታው ግን በር ላይ ሆኖ ቀረ። ሰው ሲያልፍ ሳንቲም የሚጥልለት እንጂ አብሮ የሚገባ ተሳላሚ ወይም ታሪክ ሊያይ የመጣ ጎብኚ ተደርጎ አልታየም። ስሙ እንኳ ለብዙ ዘመን «ሽባው»፣ «ዕውሩ»፣ «ሰንካላው» ነበር። ምጽዋት መልካም ነው። ነገር ግን ምጽዋት የሚሰጠው ሰው ሲፈቅድ ነው፤ መብት ሰው ባይፈቅድም አለ።

ደግሞ በዚያው ባህል ውስጥ ሌላ ትምህርት አለ። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ዓይነ ስውራን መምህራን ዜማውንና ቅኔውን በቃላቸው ይዘው ትውልድ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ይህ የሆነው የትምህርቱ ዋና በር ጆሮ ስለነበር ነው። ዕውቀቱ በቃል ይሰጥ፣ በቃል ይያዝ ነበር፤ ስለዚህ አለማየት ከሊቅነት አላገደም። መንገዱ ከሰውየው አቅም ጋር ሲገጥም ሰውየው እስከ ጫፍ ደረሰ። መቋሚያንም እናስብ። ወንበር በሌለበት፣ ማኅሌት ሌሊቱን ሙሉ በሚቆምበት ቤት ካህኑ የሚደገፍበት በትር ተሠራለት። ሥርዓቱ አልላላም፤ ሥጋ ደካማ መሆኑ ግን አልተካደም። መቋሚያው ዛሬ ከቅዳሴና ማኅሌት ክብር የማይለይ ዕቃ ነው። ለሰው ድካም የታሰበ ነገር ቅድስናን እንደማይቀንስ የሚያስረዳ ከዚህ የቀረበ ማስረጃ አላውቅም።

▪️ ከሁሉ የከበደው፦ ላሊበላ

በክርክሩ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደው ላሊበላ ነው። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው። ሌላ ቦታ ሕንፃ ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚህ ሰው ወደ ሕንፃው ይወርዳል። ቤተ ጊዮርጊስ 12 ሜትር ገደማ በሚወርድ ጉድጓድ መሐል ቆሟል፤ የሚደረስበትም በተቆፈረ ቦይና በዋሻ በኩል ነው። እርከኖቹ እኩል አይደሉም፤ ለብዙ መቶ ዓመታት የተሳላሚ እግር አልስልሷቸዋል። የበሮቹ መድረክ ከፍ ያለ ነው። ሊፍት ይተከል ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ቦታውን አላየውም።

ሆኖም ላሊበላ ከተሠራ ጀምሮ እንዳለ የቆመ፣ እጅ ያልነካው ቦታ ነው ማለት ስሕተት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ውኃ እንዳይገባ ተብሎ አንዳንዶቹ ሬንጅ ተቀቡ፤ በላዩም ቀይ ቀለም ተደረገ። ከ1966 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. በጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው ሥራ ያንን ልባስ ሲያነሣ፣ ቦዮቹን ሲጠርግ ቆየ። ዩኔስኮ በ1978 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያው የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ካሰፈራቸው 12 ቦታዎች አንዱ ላሊበላ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ግዙፍ የብረት መጠለያዎች በአምስት አብያተ ክርስቲያናት ላይ ተተከሉ። ዛሬ ከሩቅ ቀድሞ የሚታየው እሱ ነው።

ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምራል፤ ሁለቱንም በታማኝነት መያዝ አለብን።

የመጀመሪያው፣ ሲፈለግ ይቻላል። ዝናብ ለመከላከል ያን ያህል ብረት ወደ ላስታ ተራሮች ማጓጓዝ ከተቻለ፣ ከመኪና መውረጃው እስከ ቅጥሩ አፍ ድረስ የተስተካከለ መንገድ መሥራት አይቻልም ማለት አያስኬድም።

ሁለተኛው ግን ማስጠንቀቂያ ነው። መጠለያዎቹ ጊዜያዊ ተብለው ተተክለው ቋሚ መሰሉ። ክብደታቸው አለቱን ይጎዳል፣ አንድ ቀን ይወድቃሉ የሚል ሥጋት አደረ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የላሊበላ ሕዝብ ቅርሳችን ይዳን ብሎ አደባባይ ወጣ። በመልካም ሐሳብ የተጀመረ ሥራ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። ስለዚህ ለአካል ጉዳተኛ ተብሎ የሚሠራ ማንኛውም ነገር ቀላል፣ ከአለቱ ጋር የማይጣበቅ፣ ነገ ቢነሣ ጠባሳ የማይተው መሆን አለበት። የእንጨት መወጣጫ ሊሆን ይችላል፤ የኮንክሪት ግን አይሆንም።

▪️ ሌሎች ምን አደረጉ?

ጥንታዊ ቦታ ላይ ለአካል ጉዳተኛ ማሰብ የዘመናችን ፈጠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ግሪክ አገር ኤፒዳውሮስ የሚባል ቦታ አለ። የጥንት ግሪኮች የፈውስ አምላክ የሚሉት የአስክሊፒዮስ መቅደስ የነበረበት ነው፤ የእኛ ሰው ወደ ጸበል እንደሚሄድ የታመመ ሁሉ ወደዚያ ይሄድ ነበር። ዴቢ ስኒድ የተባለች የጥንት ታሪክ ተመራማሪ በ2020 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት በዚያ ግቢ 9 ሕንፃዎች ላይ 11 የድንጋይ ራምፖች መቆጠራቸውን አሳየች። በሌሎች የግሪክ መቅደሶች ራምፕ ያን ያህል አይበዛም። የእሷ ድምዳሜ፣ ራምፑ የበዛው መራመድ የሚቸግረው ሰው የሚበዛበት ቦታ ስለሆነ ነው የሚል ነው። ራምፖቹ ለሌላም ሥራ ውለው ይሆናል ብለው የሚከራከሩ አሉ። ክርክሩ እንዳለ ሆኖ፣ ከ2300 ዓመት በፊት የነበረ ድንጋይ ጠራቢ ደረጃ ብቻውን በቂ አይደለም ብሎ ማሰብ እንደሚችል ግን ድንጋዩ ይመሰክራል።

በዚያው አገር አቴንስ ላይ አክሮፖሊስ አለ፤ እንደ ደብረ ዳሞ ከከተማው በላይ የተሰቀለ አለት ነው። በ2004 እ.ኤ.አ. አቴንስ ኦሊምፒክንና ፓራሊምፒክን ስታስተናግድ በአለቱ ሰሜናዊ ጎን ሊፍት ተተከለ። የዓለም አካል ጉዳተኛ ስፖርተኞች መጥተው የአገሪቱን ትልቁን ቅርስ ከታች ሆነው ሊያዩ ነው የሚለው ነውር ነበር ሥራውን ያስጀመረው። ያ ሊፍት እየተበላሸ አስቸግሮ በ2020 እ.ኤ.አ. በአዲስ ተተካ፤ የተመረቀውም በዓለም የአካል ጉዳተኞች ቀን ነው። አብሮ በአናቱ ላይ የተነጠፈው የኮንክሪት መንገድ ግን ከቅርስ ባለሙያዎች ከባድ ተቃውሞ ገጠመው። ሊፍቱን ብዙ ሰው ወደደው፤ ኮንክሪቱን ብዙ ሰው ጠላው። ልዩነቱ ግልጽ ነው። አንዱ ጎን ላይ የተደገፈ ነው፤ ሌላው በጥንቱ ገጽ ላይ የፈሰሰ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ቅርብ ነው። መካ ላይ ሐጅና ዑምራ የሚያደርግ ሰው በሶፋና በመርዋ መካከል ሰባት ጊዜ ይመላለሳል። በዚያ ቦታ መሐል ለመሐል ለዊልቸር የተለየ መንገድ ተሠርቷል። በሙስሊሞች ዘንድ ከሁሉ በሚከብረው መስጊድ ውስጥ ተሽከርካሪ ወንበር ይሽከረከራል፤ ቅድስናው አልጎደለም። ጫማ ተወልቆ በሚገባበት ቤት ጎማ እንዴት ይገባል የሚለው ጥያቄ አስቀድሞ ተጠይቆ መልስ አግኝቷል ማለት ነው።

▪️ «በተቻለ መጠን»

ወደ ሕጉ እንምጣ። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 30 ስለ ባህል ሕይወት ነው። ሙዚየም፣ ቲያትር፣ ቤተ መጻሕፍት ለአካል ጉዳተኞች ተደራሽ ይሁኑ ይላል። ስለ ሐውልቶችና አገራዊ ትርጉም ስላላቸው ቦታዎች ሲናገር ግን አንድ ሐረግ ይጨምራል፦ «በተቻለ መጠን»። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41ም መንግሥት ለአካል ጉዳተኞች የሚያደርገውን ድጋፍ ከአቅም ጋር ያያይዘዋል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 ደግሞ የሕዝብ መገልገያ የሆነ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀምና ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው የሚሆን መግቢያ ይኑረው ብሎ ነበር። ስለ ቅርስ ጥበቃ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 በበኩሉ ቅርስ ላይ ማንኛውም የጥገና ሥራ ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አይሠራም ይላል።

እነዚህን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ክፍተቱ ይታያል። አንዱ ሕግ «አስገባው» ይላል፤ ሌላው «አትንካው» ይላል፤ በመካከላቸው ያለው ድልድይ «በተቻለ መጠን» የሚለው ሐረግ ነው። ሐረጉ ክፉ አይደለም፤ ላሊበላን ከቡልዶዘር የሚጠብቀውም እሱ ነው። ግን ምን እንደሚቻል የሚወስነው ማነው? ሳይሞከር፣ ሳይለካ፣ አካል ጉዳተኛው ራሱ ሳይጠየቅ «አይቻልም» ከተባለ፣ ሐረጉ የሕግ ቃል መሆኑ ቀርቶ የስንፍና መሸፈኛ ይሆናል።

የሚቻለውን የሚያሳይ ሌላ ታሪክ ከአክሱም አለን። በ1937 እ.ኤ.አ. የፋሺስት ጦር የአክሱምን ሐውልት ሮም ወሰደው። 24 ሜትር የሚረዝም፣ 160 ቶን ገደማ የሚመዝን ድንጋይ ነው። ይመለስ ሲባል ለአሥርት ዓመታት የተሰጠው ምክንያት ብዙ ነበር፤ ከባድ ነው፣ ይሰበራል፣ ገንዘብ የለም። በ1997 ዓ.ም. ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ በግዙፍ አንቶኖቭ አውሮፕላን ተመለሰ። በ2000 ዓ.ም. በቦታው ቆመ። 160 ቶን ድንጋይ ከሮም ወደ አክሱም ማምጣት የቻለ ትውልድ፣ አንድ ሰው ከነወንበሩ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ሐውልቱ ሥር ማድረስ ከበደኝ ቢል ማን ያምነዋል?

በቅርቡም ጥሩ ምሳሌ አይተናል። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው፣ አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል የሚገኝበት የአፍሪካ አዳራሽ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ታድሶ ተከፍቷል። በእድሳቱ ዕቅድ ውስጥ የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት ከመጀመሪያው ተካቶ ነበር። ታሪካዊነቱም አልተነካም። ቁልፉ «ከመጀመሪያው» የሚለው ቃል ነው። ሁሉም ካለቀ በኋላ የሚታሰብ ራምፕ አስቀያሚም ውድም ይሆናል።

▪️ «አሁን ጊዜው ነው ወይ?»

ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው በሆዱ የሚይዘው ተቃውሞ ይገባኛል። በጦርነት ምክንያት ቅርሶቹ ራሳቸው አደጋ ላይ ሆነው፣ አስጎብኚው ሥራ ፈትቶ፣ ሆቴሉ ተዘግቶ ስለ ራምፕ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?

እኔ ደግሞ ተቃራኒውን ነው የማየው። ያለፉት ዓመታት ጦርነት ስንት ወጣት እግሩን፣ እጁን፣ ዓይኑን ቀማው? በየሰፈራችን፣ በየወገኑ የምናውቀው ነው። በገና ሰሞን በእግሩ ላሊበላ ደርሶ በቤተ ማርያም ዙሪያ ቤዛ ኩሉ ሲባል የሰማ ልጅ ዛሬ በክራንች ሊሆን ይችላል። ከእሱ ጋር ስለ አገር ታሪክ፣ ስለ ሦስት ሺህ ዘመን፣ ስለ አባቶች አደራ ብዙ ተወርቷል። ታሪኩን ሊያይ ሲሄድ ግን ከደረጃው በታች ጠብቅ ይባላል። በታሪክ ስም ተጠርቶ አካሉን የሰጠ ሰው ታሪኩ ወደሚታይበት ቤት መግባት ካልቻለ፣ ያ ታሪክ የማን ነው? ጊዜው አሁን ነው የምለው ለዚህ ነው።

«ችግር የለም፤ ተሸክመን እናስገባዋለን» የሚል ደግ ሰውም አለ። ደግነቱን አላቃልልም፤ የሕዝባችን ሀብት ነው። ግን ሙሉ ሰው እንደ ጆንያ በማያውቃቸው ሰዎች ትከሻ ላይ ሆኖ፣ ሕዝብ እያየው፣ ወድቄ እሰበራለሁ ብሎ እየፈራ መግባትን ማን ይመርጣል? ሴት ስትሆን ደግሞ ችግሩ ይበዛል። መሸከም ግድ በሆነበት ቦታ እንኳ ሥርዓት ሊኖረው ይገባል፦ ለዚሁ የተሠራ መያዣ ያለው ወንበር፣ የሠለጠኑ ወጣቶች፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ የሰውየው ፈቃድ። ይህ ለላሊበላ ወጣቶችም ሥራ ይሆናል።

▪️ ከቀላሉ እንጀምር

ብዙው ሥራ አለቱን ጨርሶ አይነካም። ከመኪና መውረጃ እስከ ትኬት መቁረጫ ያለውን መንገድ ማስተካከል አለት አይነካም። አዲስ የሚሠራ የጎብኚ ማረፊያና መጸዳጃ ቤት በዊልቸር እንዲገባበት ማድረግ አለት አይነካም። በየመንገዱ የማረፊያ መቀመጫ ማኖር ለአረጋዊም ለነፍሰ ጡርም ይጠቅማል። የትኛው ቤተ ክርስቲያን ስንት እርከን እንዳለው፣ በየት በኩል ቢገባ እንደሚቀል አስቀድሞ የሚናገር አንድ ገጽ መረጃ ወጪው ወረቀት ነው።

ማየት ለተሳነው ጎብኚ ዳሰሳ አለ። በብዙ የአውሮፓ ከተሞች ከታላላቅ ሕንፃዎች ፊት ለፊት የሕንፃውን ቅርጽ የያዘ ትንሽ የነሐስ ሞዴል ከብሬል ጽሑፍ ጋር ቆሞ ይታያል። የቤተ ጊዮርጊስን መስቀል ቅርጽ በጣቱ የዳሰሰ ሰው፣ ከላይ ቆሞ ፎቶ ካነሣው ሰው ባላነሰ ሕንፃውን ያውቀዋል። ይህን ሞዴል የሚሠራ እጅ ደግሞ በአገራችን አልጠፋም። መስማት ለተሳነው ጎብኚ በምልክት ቋንቋ የሠለጠነ አስጎብኚ፣ ካልተገኘም በምልክት ቋንቋ የተቀዳ ቪዲዮ በስልኩ ሊደርሰው ይችላል።

ለዚህ ከአክሱም የተሻለ አርአያ አያስፈልገንም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ዒዛና የድል ዜናውን በድንጋይ ሲያስጽፍ በአንድ ቋንቋ አልበቃውም። በግእዝ፣ በሳባ ፊደልና በግሪክ አስጻፈው። የሚመጣው እንግዳ ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ እንግዳውን ቋንቋችንን ተማር ከማለት መልእክቱን በእንግዳው ቋንቋ አቀረበ። ከ1600 ዓመት በኋላ በዚያው ድንጋይ አጠገብ የብሬል ሰሌዳ ማቆም የዒዛናን ሐሳብ መቀጠል እንጂ ከውጭ የመጣ ፋሽን መከተል አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በኋላም የማይደረስባቸው ቦታዎች ይኖራሉ። የደብረ ዳሞ ገመድ ራሱ ቅርስ ነው፤ እሱን በሊፍት ተክቶ ደብረ ዳሞን አዳንኩ ማለት አይቻልም። የላሊበላን የዋሻ መተላለፊያዎች ለዊልቸር አስፍቶ ላሊበላ ማለትም አይቻልም። እንዲህ ባለው ቦታ እውነቱን በግልጽ መናገር፣ ቀጥሎም ቦታውን በሞዴል፣ በድምፅ፣ በፊልም ወደ ሰው ማምጣት ይገባል። «ሞክረን፣ ለክተን፣ ካንተ ጋር ተመካክረን አልቻልንም» የሚባል ሰውና «ለአንተ የሚሆን ነገር የለም» የሚባል ሰው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ተከብሯል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለሚመለከታቸው ሁሉ ቀላል ነው። በጥበቃው ዘርፍ የምትሠሩ ባለሙያዎች፣ የደብር አስተዳዳሪዎች፣ የከተማ አመራሮች፣ የቅርስ እድሳት ገንዘብ የምትሰጡ ኤምባሲዎችና ድርጅቶች፦ የሚቀጥለው የእድሳት ሰነድ ጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛ፣ አካል ጉዳተኛ እንዴት ይገባል የሚል ክፍል አለው? ሁለተኛ፣ ሰነዱ ሲዘጋጅ ቢያንስ አንድ አካል ጉዳተኛ ቦታው ላይ ተገኝቶ ሐሳቡን ሰጥቷል? ሁለቱም ከሌሉ ሰነዱን መልሱት። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የአንድ ፊርማ ጉዳይ ነው።

አንባቢ ደግሞ በአካባቢው ያለውን ታሪካዊ ቤት፣ ደብር፣ መስጊድ ወይም ሙዚየም በሚቀጥለው ጊዜ ሲጎበኝ እርከኖቹን ይቁጠር። ከዚያ የሚያውቀውን አንድ ሰው ያስብ፤ ጉልበቷ የደከመ እናቱን፣ ከግንባር የተመለሰ ወንድሙን፣ ማየት የተሳናት የክፍል ጓደኛውን። ስንተኛው እርከን ላይ እንደሚቀሩ ካወቀ ለአስተዳዳሪው ይንገር። ባለቤቶቹ ጠይቀው ካልነገሩት፣ አስተዳዳሪው ደረጃውን እንደ ችግር የሚያይበት ምክንያት የለውም።